አመዶ ያልታዘዘበት ዳገት

አንድ ጊዜ፣ አህያ እንደ ሰው ጡረታ መውጣት በጀመረበት ዘመን፣ አመዶ የሚባል አህያ ነበረ። አመዶ የተባለው መልኩ አመድ ስለሚመስል ነው፤ ባለቤቱ ጋሽ ቢራራ ስም በማውጣት የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ቀዩን በሬ ቀዮ፣ ጥቁሩን ውሻ ጥቁሬ ብሎ የተገላገለ ሰው ነው። ልጆቹን ለእናታቸው ባይተውላት ኖሮ እነሱንም ረጅሙና አጭሩ እያለ ያሳድጋቸው ነበር።

የአመዶ ሥራ አንድ ነው። እህል ተጭኖ ወንዝ ማዶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ዱቄት ተጭኖ ይመለሳል። በመንገድህ ምን አየህ ቢሉት «ዱቄት ከእህል ይሞቃል» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ የለውም። ያየው ነገር ቢኖር ከፊቱ የሚሄደውን አህያ ጅራት ነው። መንገዱን ከመልመዱ የተነሳ ጋሽ ቢራራ ከኋላ ቀርቶ ከሰው ጋር ሲያወጋ፣ እሱ ለብቻው ወፍጮ ቤት ደርሶ ሰልፍ ይዞ ይቆማል። ያለ ተራው የሚገባ ሰው ካየ ደግሞ ይራገጣል። እንደሱ ያለ ሰልፍ አስከባሪ ስንት ቦታ ባስፈለገን።

ማታ ጆንያው ወርዶ መጫኛው ሲፈታለት፣ ከጓሮ አመድ የሚደፋበት ቦታ ሄዶ ይንከባለላል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ ከዚያ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ። አህያ ሲንከባለል አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፣ ባለ ጸጋው ሁሉ በላባ ፍራሽ ላይ እንደዚያ አይመቸውም። ለአመዶ ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም፤ የልፋቱ ዋጋ ነው። የተሸከመ ይንከባለላል፣ ያልተሸከመ አይንከባለልም። ይህን ሕግ ማንም አላወጣበትም፤ ራሱ አውጥቶ ራሱ ተቀጣበት።

ታዲያ አንድ ቀን ከጋሽ ቢራራ አጥር ጀርባ የናፍጣ ወፍጮ ተተከለና ቱክ ቱክ ማለት ጀመረ። የጋሽ ቢራራ ሚስት እህሏን በቁና ይዛ፣ ወሬዋን ሳትጨርስ ደርሳ መመለስ ጀመረች። ጋሽ ቢራራም ደግ ሰው ነውና የአመዶን ግንባር አሻሸለት።

«በል እንግዲህ አመዶ፣ ዕድሜ ልክህን ተሸክመሃል። ከዛሬ ጀምሮ እረፍ። ሜዳውም ሳሩም ያንተ ነው» አለው።

ይህን ብሎ መጫኛውን ጠቀለለና ጎተራው ጣራ ሥር ሰቀለው። ደግ ንግግር ነው፤ ማንም የሚመኘው። አመዶ ግን መጫኛው ሲሰቀል አብሮ የተሰቀለ መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ደጃፍ መጥቶ፣ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ጋሽ ቢራራ ወጣ፣ አየው፣ «ሂድ እንጂ ሳር ብላ» ብሎት ወደ እርሻው አለፈ። አመዶ ቆመ። ጸሐይ ወጣ፣ ጥላው አጠረ። ዶሮዎች እግሩ ሥር ገብተው ጫሩ፤ እሱ ግን እንደ ግንድ ነው። በማግስቱም መጣ። ከዚያም ወዲያ መጣ። ሳሩን ሄዶ ቢቀምሰው እንደ ገለባ አፉ ውስጥ ዞረ። ጀርባው ላይ ስንት ዘመን ሲያቃጥለው የነበረ ገጣባም ቀስ በቀስ ደረቀና ጸጉር አበቀለ። ሌላው ቢሆን ደስ ይለዋል። አመዶ ግን አንገቱን ጠምዝዞ አየው፣ «ይሄም ተወኝ» አለ።

ማታ ወደ አመዱ ይሄዳል። ዳሩ ላይ ይቆማል፣ ያሸታል፣ ሳይንከባለል ይመለሳል።

ጥቁሬ ይህን አይቶ ዝም የሚል ውሻ አይደለም።

«ምነው አመዶ፣ አመዱ ቀዘቀዘብህ?»

«አልደከመኝም» አለ አመዶ።

«እኔስ መቼ ደክሞኝ ያውቃል? ቀን እተኛለሁ። ማታ ደግሞ በመተኛት የደከመኝን ለማረፍ እንደገና እተኛለሁ።»

«አንተ ትጮሃለህ። ሥራ አለህ።»

«ሰው ሲያልፍ ነዋ የምጮኸው። ሰውየው እንደሆን ሊያልፍ ነው የመጣው፣ ባልጮህም ያልፋል። አንተ ነገር ታከራለህ። ተንከባለል፣ ማን ያይሃል?»

አመዶ ግን ራሱ ያያል። ሄዶ ከግድግዳው ጥግ ቆመ። ጥቁሬም አዛግቶ ተኛ። ወፍጮው ዝም ካለ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የአመዶ ትንፋሽ ብቻ ነበር። የሚገርመው እሱ ራሱ የራሱን ትንፋሽ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የሚሰማው የጆንያው ኮሽታ ነው።

የገበያ ቀን ደረሰ። በወንዙ ዳር ከሰልና ድንች የተጫኑ አህዮች ሰልፍ ሠርተው ሲያልፉ አመዶ አያቸውና ሮጦ መሀላቸው ገባ። ባዶ ጀርባውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ እንደተጫነ እያለከለከ መራመድ ጀመረ። ትንሽ እንደሄዱ ከኋላው ያለች ድንች የተጫነች አህያ ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ምን ተጭነህ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ወዴት ነህ?»

«ከእናንተ ጋር።»

«እኛማ ገበያ ነን። አንተ ገበያ ምን አለህ?»

አመዶ መራመዱን ቀጠለ።

«እንግዲያው አትቀየመኝ» አለች አህያዋ። «መንገዱ ጠባብ ነው፣ ይሄ ድንች ደግሞ ወገቤን እየቆረጠው ነው። ባዶውን የሚሄድ ዳር ይያዝልን።»

ክፉ አልነበረችም። እውነቷን ነው። አመዶ ዳር ያዘ። አህዮቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ ነጂው አለፈ፣ ከነጂው ኋላ የሚከተለው ውሻም አለፈ። አመዶ አቧራው እስኪተኛ ቆመ። አቧራው ተኛ። እሱ አሁንም እዚያው ነው።

ከቁጥቋጦው ሥር ይህን ሁሉ ስታይ የቆየች አንዲት ቀበሮ ነበረች። እሜቴ ቀበሮ ማለት የራሷን ምሳ ራሷ አድና የማታውቅ፣ ሌላውን አሯሩጣ የምትበላ ደላላ ናት። ጅራቷን አበጥራ ብቅ አለች።

«አያ አመዶ፣ ደህና ነህ ወይ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ አህያ አቧራ ሲያይ አይውልም። ሥራ ልፈልግልህ?»

የአመዶ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ከስንት ጊዜ ወዲህ ቀጥ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው።

«የት?»

«ተራራው ላይ። አያ ጅቦ ዋሻው በአጥንት ሞልቶበት መግቢያ አጥቷል። አጥንቱን የሚያጓጉዝልኝ ብርቱ ሠራተኛ ፈልጊልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለመነኝ መሰለህ።»

«አያ ጅቦ አህያ ይበላል እኮ።»

«የሰው አህያ ነዋ የሚበላው። የራሱን ሠራተኛ ሲበላ አይተኸዋል?»

አመዶ አሰበ። አላየም። ያየ አህያ ተመልሶ አይናገርማ።

«ጭነቱ ይከብዳል?» አለ።

«ወገብ ይሰብራል።»

«ጥሩ» አለ አመዶ።

አትሳቁበት። የሳቀ ካለ መጀመሪያ ከሥራ ወጥቶ ግድግዳ ሥር ይቁምና ከዚያ ይሳቅ። ጠዋት ደጃፍ ሲቆም «ሂድ»፣ መንገድ ሲገባ «ዳር ያዝ» ሲባል የሰነበተ አህያ ነው። አሁን አንዷ መጥታ «ትፈለጋለህ» አለችው። ፈላጊው ስንት ጥርስ እንዳለው ለማጣራት ልብ አልቀረውም።

እሜቴ ቀበሮ በተራራው ጀርባ በኩል፣ በጫካው ለስላሳ መንገድ ቀድማ ሮጣ አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰች።

«አህያ በእግሩ እየመጣልህ ነው። ከዋሻህ ንቅንቅ እንዳትል። ወደታች ብትወርድ የመንደር ውሾች ይነሱብህና እንደ ባለፈው ግማሽ ጆሮህን ጥለህ ትመጣለህ። ሲደርስ አጥንት አሸክምሃለሁ በለው፣ ደስ ብሎት ይገባል» አለችው።

አያ ጅቦ ግንባሩን ቋጠረ። «አጥንቴን ለምን ይወስዳል? የኔ እኮ ነው።»

«አይወስደውም። ለማለት ያህል ነው።»

«የሱስ አጥንት?»

«እሱም ያንተ ነው። ለኔ አንድ የኋላ እግር ትበቃኛለች። ዳገቱ ሥር ሆኜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወርውርልኝ።»

«እሺ» አለ አያ ጅቦ። «ግን ምን በለው ነበር ያልሽው?»

አመዶ ደግሞ የጫካውን መንገድ አያውቅም። ቀበሮዋም አላሳየችውም፤ በመንደሩ በኩል ያለውን ዳገት ነው የጠቆመችው። ገና ሳይደርስ እንዲደክምላቸው ብላ ነው። ያንን ዳገት ፍየል እንኳ ሁለቴ አስባ ነው የምትወጣው።

ሲጀምር ግራ ገባው። የሚነዳው የለም። የሚከተለው ጅራት የለም። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግረው የተረገጠ መንገድ የለም። ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ፤ የሚያዘው ሰው የፈለገ ይመስላል። ማንም አልነበረም። ስለዚህ አንዱን እግሩን አንስቶ፣ ትንሽ አየር ላይ አቆይቶ፣ ራሱ በመረጠው ድንጋይ ላይ አሳረፈው። ድንጋዩ ቻለው። አመዶ ተገረመ።

እኩሌታው ላይ ሲደርስ አንድ ልሙጥ ዓለት ከፊቱ ተዘረጋ። መሀል ለመሀል ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ለብሷል። አመዶ እንደለመደው በቀጥታ መሀሉን ያዘና ሽርተት ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወረደ፤ አሁንስ ጉልበቱም ተላጠ። እንዲህ ሲሆን ድሮ ጋሽ ቢራራ ጅራቱን ይዞ ይገፋው ነበር። አሁን የሚገፋው የለም። ቁጭ ብሎ ዓለቱን ማየት ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ አንድን ነገር እንደዚያ ትኩር ብሎ አይቶ አያውቅም። በግራ ዳሩ በኩል ደረቅ ስንጥቅ አለ፤ ሰኮና ብቻ የሚያስቀምጥ። ሰኮና ብቻ ነው ያለው እሱም። ስንጥቁን ይዞ፣ ሆዱን ከዓለቱ አጣብቆ፣ ቀስ ቀስ ብሎ ወጣው።

ሲወጣ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ድካም ነው። ግን የወፍጮ ቤቱ ድካም አይደለም፤ ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል አልነበረውም፣ የሚነግረውም ሰው አልነበረም። ይህን ያወቀ ጊዜ ደስታው መሀል ላይ ልቡ ትንሽ ቅር አለው። ዞር ብሎ ሲያይ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ ከታች ታየው። ከደጃፍ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ወፍጮ ቤቱ። ያ ሁሉ መንገድ መሬት ላይ የወደቀች ገመድ አክሎ ነበር። «ይቺ ናት?» አለ አመዶ።

ዋሻው እዚያው አጠገብ ነበረ። ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ግባ።»

«ጭነቱ የታለ?» አለ አመዶ።

«የምን ጭነት?»

«የምሸከመው።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ቀበሮዋ ያስጠናችው ሁሉ ከምራቁ ጋር አብሮ ወረደ።

«አንተ ምንም አትሸከም» አለ። «ራስህን ብቻ ይዘህ ግባ። እኔ እሸከምሃለሁ።»

አመዶ አንገቱን ዘልቆ አየ። መግቢያው ላይ ከተከመረው አጥንት መሀል አንድ ረጅም መንጋጋ አለ። የአህያ መንጋጋ ለአህያ አይጠፋውም። ሌላም ነበር፣ ከሥሩም ሌላ። እነዚህም አንድ ጠዋት ጆሯቸው ቀጥ ብሎ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። አንገቱን መልሶ አወጣ። ቀና ሲል ደግሞ ከዋሻው በላይ የተራራውን ጫፍ አየ። ጸሐይ አርፎበታል። ቅርብ ነው።

«አያ ጅቦ፣ አትቀየመኝ፣ ዛሬ አይመቸኝም» አለ።

«ለምን?»

«ጉዳይ አለኝ።»

«የምን ጉዳይ? ሥራ ፈት ነው ብላኛለች እኮ።»

«ጫፉን ገና አላየሁትም።»

አመዶ ሥራ አልፈልግም ሲል ያ የመጀመሪያው ነው። ከአፉ የወጣው ነገር እሱንም አስደነገጠው። ጅቡ ነገር ባይገባው ሆዱ ቶሎ ይገባዋል፣ ዘሎ ወጣ። አመዶ ወደ ዓለቱ ተመልሶ፣ ያቺን ደረቅ ስንጥቅ በአራት ሰኮናው ጨብጦ፣ ሆዱን አጣብቆ ቆመ። አያ ጅቦ ዕድሜውን ሙሉ በጫካው መንገድ የሚመላለስ ነው፤ ደጁ ላይ ያለውን ዓለት ረግጦት አያውቅም። መሀሉ ሰፊ ሆኖ ታየው። ሰፊውን መረጠ።

ሽርርር አለ። አመዶን ሲንሸራተት ቁጥቋጦው አስቁሞት ነበር፤ ጅቡ ግን ፈጥኖ ነበርና ቁጥቋጦውንም ነቅሎ ይዞት ወረደ። ከታች እሜቴ ቀበሮ አንገቷን አቅንታ የኋላ እግሯን ትጠብቃለች።

«ወረወርክልኝ?» ስትል አንድ ሙሉ ጅብ ወረደላት።

አያ ጅቦ ከላይዋ ላይ ሳይነሳ ጅራቷን ነከሰ። «የታል ሠራተኛው?»

«አንተ ነህ የለቀቅኸው፣ ልቀቀኝ።»

«አንቺን ከለቀቅኩ ምን ልበላ ነው?»

ጅራቷ በጅቡ አፍ ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያ ያቺን ቀበሮ ቆማ ያያት የለም፣ ሁልጊዜ ተቀምጣ ነው የምታወራው።

አመዶ ትንፋሹ እስኪመለስ ስንጥቁን ይዞ ቆየ። ከዚያ ወደ ቤት መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም። ወደ ላይ ቀጠለ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ምንም አልነበረም። ወፍጮ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ «ጎሽ አመዶ» የሚል የለም። ነፋስ ነበረ። ማዶ ደግሞ ሌሎች ተራሮች ነበሩ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ የነበሩ፣ ከጅራት ጀርባ ተሸፍነው ያላያቸው። ከእግሩ ሥር ደቃቅ ቀይ አፈር ነበረ።

አመዶ አፈሩን አሸተተ። ግራና ቀኝ አየ። ጭነት ያወረደለት የለም። ጉልበቱን አጠፈ፣ ተኛ፣ በግራ ተንከባለለ፣ በቀኝ ተንከባለለ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆየ። ማንም አላየውም።

ወደ ቤት ሲገባ ጋሽ ቢራራ በሩ ላይ አገኘው።

«አመዶ፣ ይሄ ቀይ አፈር ከየት ነው? ጉልበትህንስ ምን ነካው?» አለና ጀርባውን አራገፈለት።

አመዶ ምን ይበል? አህያ ነው። ጆሮውን አንዴ አራገበና ወደ ሳሩ ሄደ። ሳሩ ጣመው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አህዮቹ ሲያልፉ አመዶም ከግቢ ወጣ። ድንች የተጫነችው አህያ አየችው።

«ዛሬስ ምን ተጭነህ ነው?»

«ምንም።»

«ወዴት ነህ ታዲያ?»

አመዶ ከወንዙ ማዶ ያለውን ተራራ በአፍንጫው አሳያት። ከመጀመሪያው ይረዝማል።

«እዚያ ምን አለ?»

«አላውቅም። ልወጣው ነው።»

አህያዋ ተራራውን አየችው። ነጂው በዱላ ነካ እስኪያደርጋት ድረስ አየችው። «ስትመለስ ንገረኝ» ብላ አለፈች። አመዶ ማንም ሳይለው ዳር ያዘላቸው። አቧራው ተነሳ። የመንገዱ መገንጠያ ላይ እነሱ ወደታች ወረዱ፣ እሱ ወደ ላይ ዞረ። ብቻውን ነበር። አቧራው እስኪተኛ ግን አልጠበቀም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጭነት ከጀርባችን የወረደ ቀን እኛ አብረን እንዳልወረድን፣ ማንም ያላዘዘንን ዳገት ራሳችን መርጠን ካልወጣን ግን «ትፈለጋለህ» ብሎ ወደ ዋሻው የሚጠራን ጅብ እንደማይጠፋ ነው።